ማሲንቆ ያነሡት ነጋድራስ

አዲስ አበባ፦ ከደምበል ሕንፃ ወጥቶ በአፍሪካ ጎዳና ወደ መስቀል አደባባይ የሚያቀና መንገደኛ በግራው በኩል የአዲስ አበባ ስታዲየምን ይመለከታል፤ አደባባዩን ተሻግሮ ወደ ቀኝ በማድላት ዳገቱን ሲወጣ ደግሞ ካዛንቺስ ይደርሳል። ሁለቱም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኙ ሲሆን በመካከላቸው ያለው ርቀት በእግር ቢኬድ ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱን ስፍራዎች የሚያገናኛቸው የመንገድ መቀራረብ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የልጅ ስም ሲወደስ ኖሯል፤ በሌላኛው የአባት ጥበብ ሲዘወተር ኖሯል። ልጁ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች አንዱ የሆኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባትየው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሲባሉ የኢትዮጵያን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው።

የልጁ ስም ዛሬም በስፖርት ወዳጆች አንደበት ላይ አለ። የአባታቸው ስም ግን ከሙዚቃ ታሪክ አጥኚዎችና ከጥቂት አዛውንት በቀር ብዙ ሰው ሲያነሣው አይሰማም። ነጋድራስ ተሰማ የመንግሥት ሹም ነበሩ። በዘመናቸው በሹመትና በማሲንቆ መካከል ሰፊ ገደል ነበር፤ ሹም ማሲንቆ ያስመታል እንጂ አይመታም። እሳቸው ሁለቱንም ይዘው መኖራቸው የሕይወት ታሪካቸውን ከሌሎች የዘመኑ ሹማምንት ታሪክ የተለየ ያደርገዋል።

ስለ እሳቸው ለመናገር በካዛንቺስ በኩል ማለፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት ምኅጻረ ስም የተወሰደ ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» የድርጅቱ ስም ሲሆን ሁለቱ ተጋጥመው በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆኑ። ሰፈሩ ከጅምሩ የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነበር ማለት ነው። ወራሪው ከወጣ በኋላም ይኸው ጠባዩ አልጠፋም። የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን በአቅራቢያው ተተከለ፤ መሥሪያ ቤቶች በዙሪያው በረከቱ፤ ከቢሮ የወጣ ሰው የሚያመሽባቸው ቤቶችም አብረው በረከቱ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ ምሽቱን አሳጥሮት ቆይቷል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገደቡ ሲነሣ የአዝማሪ ቤቶች በከተማይቱ እንደ አሸን ፈሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ፣ ኋላ ስሙ ባሕር ማዶ ድረስ የተሰማው ፈንድቃ ጭምር፣ በካዛንቺስ ነበሩ።

ይህ ጸሐፊ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከእነዚህ ቤቶች በአንደኛው ያሳለፋቸውን ምሽቶች አይዘነጋም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ በርጩማ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ በእንግዶቹ መካከል ይዘዋወራል፤ ከበሮ መቺዋ ከጥግ ሆና ትቀበለዋለች። ጥቂት ቆይቶ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል» ይላል። ያን ጊዜ የቤቱ ሥርዓት ይለወጣል። እንግዳው አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ከዜማው ጋር አጋጥሞ ይደግመዋል፤ ስንኙ አንካሳ ከሆነ አቃንቶ፣ ጨዋ ከሆነ ጥቂት ቅመም ጨምሮ ይመልሰዋል። ስንኙ የተወረወረበት ሰው ከማዶ ሆኖ መልሱን ያቀብላል። ዳኛና ተከሳሽ፣ ሥራ አስኪያጅና ተላላኪ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ቃል ይወራወራሉ፤ የሚያስታርቃቸው ሳቅ ነው። ከቢሮ የማይነገረው ቅሬታ እዚያ በኅብረ ቃል ተሸፍኖ ይነገራል፤ የተነገረበትም ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሲደርስበት አብሮ ይስቃል። ማሲንቆው የአዝማሪው ነው፤ ግጥሙ ግን የቤቱ ሁሉ ነው።

በሌላው ዓለምም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ልማድ አለ። በአሜሪካ የአፓላቺያን ተራሮች አካባቢ ቫዮሊን፣ ባንጆና ጊታር የያዙ የመንደር ሰዎች በአንድ ቤት በረንዳ ወይም በሰፈር አዳራሽ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሁሉም የሚያውቁትን ዜማ ተራ በተራ እየመሩ ያመሻሉ። ጀማሪው ከዳር ተቀምጦ በዝግታ ያጅባል፤ አዋቂው ተራው ሲደርስ ዜማውን ይወስዳል። ከተጫዋቾቹ ተለይቶ ትኬት የሚቆርጥ ተመልካች የለም። ሙዚቃው «የጥንት ዘመን ሙዚቃ» የሚባለውና ከእርሱ የወጣው «ብሉግራስ» ነው። የእኛው ግን በዋናነት ዜማ ሳይሆን ቃል የሚዋጣበት መሆኑ ይለየዋል።

ነጋድራስ ተሰማ እንግዲህ የዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ሰው ነበሩ። የአዝማሪ ቤት የሚባል የከተማ ንግድ ገና ሳይኖር፣ ጉባኤው በመኳንንት አዳራሽና በድግስ ዳስ ሲደረግ፣ ለተወረወረ ቃል ሳይዘገዩ ግጥም በመመለስ ስማቸው ወጣ።

የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. በጤፏ በታወቀችው ምንጃር ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ ሲሆን የዓድዋ ጦርነት ሲካሄድ ዕድሜያቸው ከሃያ አይበልጥም ነበር። ወጣትነታቸው፣ ከዘመቻ የተመለሰው መኳንንት በአዲሲቱ ከተማ ጉብታዎች ላይ ግቢ እያበጀ በሚሰፍርበት ዘመን ላይ ዋለ። በእያንዳንዱ ትልቅ ግቢ አዝማሪ ይገኛል። አዝማሪ በዘመቻ ጊዜ ከሠራዊቱ ጋር እየተጓዘ ጀግናን ያወድሳል፣ ፈሪን ይነቅፋል፤ በሰላም ጊዜ ግብር ሲበላ ጌታውን ያመሰግናል፣ ጎደሎውንም በፈሊጥ ይነግረዋል። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን ወሬ አድራሹም እርሱ ነበር።

ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚከፈለው ክብር ግን እጅግ ትንሽ ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሆኖ ሳለ በኅብረተሰቡ ዘንድ እንደ ስድብ ሲያገለግል ኖሯል። ሰው ሁሉ አዝማሪውን ይወደዋል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። መሣሪያውም የዚሁ ንቀት ተካፋይ ነበር። በገና የመኳንንቱና የካህናቱ፣ የጸሎትና የሱባኤ መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ በቁርበት በተለበጠ ሳጥን ላይ በተወጠረ አንድ የፈረስ ጭራ ክርና በደጋን የሚጮኸው ማሲንቆ የለማኝ መሣሪያ ተደርጎ ይታይ ነበር። የጨዋ ልጅ በገና ቢደረድር ያስመሰግነዋል፤ ማሲንቆ ቢያነሣ ዘመዶቹን ያሳፍራል።

ተሰማ ማሲንቆ አነሡ። በአዝማሪነት አልኖሩም፤ እንጀራቸው የቤተ መንግሥት አገልግሎት ነበር። ማሲንቆውን ያነሡት ለሽልማት ሳይሆን ለጨዋታ በመሆኑ ነቀፌታውን በዝምታ አሳልፈውታል ለማለት ይቻላል። ደግሞም የዘመኑ ቤተ መንግሥት ለአዲስ ነገር በሩ ክፍት ነበር።

1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመንግሥት አስተዳደር ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ጥቂት ወራት እንደ ቆየ ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ አውቶሞቢሎቻቸውን ይዘው ተከታትለው አዲስ አበባ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ለማሽን ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ አውቶሞቢል ያለ ነጂና ያለ ጠጋኝ ቆርቆሮ ብቻ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ከጀርመን ጋር በ1897 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሞ ነበርና፣ ሙያውን ተምረው እንዲመለሱ ወደ ጀርመን ከተላኩት መካከል ተሰማ እሸቴ አንዱ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ባቡር ከድሬዳዋ ወዲህ አልመጣም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ፣ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ይጓዛል። በርሊን ለሐበሻ ፈጽማ እንግዳ አልነበረችም፤ ሊቁ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ቀደም ብለው በዚያችው ከተማ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛና ግዕዝ አስተምረዋል። አለቃ ታዬ ብራና ፍለጋ ነበሩ፤ ተሰማ የሞተር ትምህርት። ሁለቱም ግን ከተላኩበት የተረፈ ነገር ይዘው ተመልሰዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ ተሰማ እሸቴ በጀርመን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የሸክላዎቹ ቁጥር 17 መሆኑ ይነገራል። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያውያን ድምፅ ጨርሶ አልተቀረጸም ማለት አይደለም፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ሲሊንደር ቀርጻ ለላከችው መልእክት አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓይነት ሲሊንደር ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ልከዋል። ነገር ግን ያ የመንግሥታት መልእክት ነበር። ለሰው ጆሮ እንዲባዛና እንዲሸጥ በሸክላ የታተመ የኢትዮጵያ ዘፈን የተጀመረው በተሰማ እሸቴ ነው።

የቀረጻው አሠራር ዛሬ ሲታሰብ የሚያስገርም ነው። ማይክሮፎን በሸክላ ቀረጻ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ በመሆኑ በዚያን ጊዜ ዘፋኙ ፊቱን ወደ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ አዙሮ ይዘፍናል፤ የድምፁ ግፊት በቀንዱ ጫፍ ያለውን መርፌ እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ መስመር ያወጣል፤ ከሰሙ ቅርጽ ይወጣለታል፤ ከቅርጹ ሸክላው ይታተማል። ባለ አውታር መሣሪያ ለዚህ አሠራር እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የአውሮፓ ቫዮሊን እንኳ ድምፁ አልያዝ ብሎ፣ ቀረጻ ቤቶች በሳጥኑ ፈንታ ቀንድ የተገጠመለት ልዩ ቫዮሊን እስከ መጠቀም ደርሰዋል። በአንድ ክር ብቻ የሚጮኸው ማሲንቆ በዚህ መሣሪያ ፊት ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም።

ከዚህ የባሰው ችግር የጊዜው ማጠር ነበር። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። የማሲንቆ ጨዋታ የለመደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አዝማሪ ገና ክሩን ቃኝቶ፣ ዕጣን ቀብቶ፣ እንግዶቹን በዓይኑ እየቃኘ ነው። በዚያ ላይ በቀረጻው ክፍል ተቀበል የሚል ሰው የለም። ቋንቋውን የማያውቅ ሠራተኛ ሰዓቱን ይዞ ቆሟል፤ ስንኙ ቢያምር የሚስቅ የለም፤ ቢጠነክር የሚደነግጥ የለም። በአገራቸው ከሰው ቃል እየተቀበሉ ግጥም ያፈሱ የነበሩት ተሰማ፣ በበርሊን ቃል አቀባዩም ተቀባዩም ራሳቸው ሆኑ። በዚህ ጸሐፊ ግምት የእነዚያ ሸክላዎች ትልቁ ጀግንነት ባሕር ማዶ ሄዶ መቀረጹ ሳይሆን ይህ ነው፤ ያለ ጉባኤ ጉባኤውን ማምጣት።

ዘመኑን ለማነጻጸር ያህል፣ ከላይ የተጠቀሰውን የአሜሪካ ተራሮች ሙዚቃ የሚጫወቱ የገጠር ቫዮሊን መቺዎች ወደ ንግድ ቀረጻ መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1922 አካባቢ ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የቴክሳሱ ኤክ ሮበርትሰን ነው። የሸክላ ኢንዱስትሪ ባለቤት የሆነችው አሜሪካ የራሷን የመንደር ተጫዋች ለመቅረጽ ከማሰቧ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የምንጃሩ ሰው ማሲንቆ በሸክላ ታትሞ ነበር።

ተሰማ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተላኩበትን ሙያ ይዘው ነበር፤ አውቶሞቢል መንዳትም መጠገንም ያውቃሉ። የላካቸው ቤተ መንግሥት ግን እንደ ተዉት አልጠበቃቸውም። አፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ተይዘው የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በግንቦት 1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽነታቸው ታውጇል፤ እንደራሴ የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ናቸው። በነገራችን ላይ በስም መመሳሰል የተነሣ እንደራሴውን ተሰማና ባለ ማሲንቆውን ተሰማ የሚያምታቱ አንዳንድ ጽሑፎች አሉና አንባቢ ይህን ልብ ይሏል። እንደራሴው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ወጣቱ አልጋ ወራሽ በራሳቸው ማስተዳደር ጀመሩ።

ልጅ ኢያሱ ፈረስ፣ ጉዞና ጨዋታ የሚወዱ ወጣት ነበሩ። መኪና የሚነዳ፣ ባሕር ማዶ ያየ፣ ግጥም ከአፉ የማይጠፋ ሰው ለእንዲህ ያለ ጌታ ምን ያህል ተወዳጅ ባልንጀራ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ተሰማ እሸቴ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆኑ፤ የነጋድራስነት ማዕረግንም አገኙ።

ነጋድራስነት የዛሬው የመንግሥት ሠራተኛ ሊያውቀው የሚገባ ሹመት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ከጥንት የሲራራ ነጋዴዎች አለቃን የሚያመለክት ነበር፤ ነጋዴው በየኬላው እንዳይጉላላ የሚከራከር፣ ከገዢዎች ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሹመቱ የመንግሥት ሆነ። ነጋድራሱ ቀረጥ ያስከፍላል፣ ገበያ ይቆጣጠራል፣ በንግድ የተጣሉትን ይዳኛል። የመጀመሪያው የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ነጋድራስ ነበሩ። በኢኮኖሚ ጽሑፋቸው የሚታወቁት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በድሬዳዋ በዚህ ማዕረግ አገልግለዋል። የዘመኑ የተማረ ሰው ሁሉ ወደዚህ ሹመት ሲሳብ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራው ሒሳብ፣ ውጭ አገር ቋንቋና ከባዕድ ነጋዴ ጋር መገናኘት ይጠይቃል። በዚህ ረድፍ ውስጥ ግን ማሲንቆ ይዞ በሸክላ የዘፈነ ከተሰማ በቀር ሌላ አይታወቅም።

የሹመቱ ዘመን አጭር ሆነ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት ድል ሆኑ። ከዚያ በኋላ የወረደው መስፍን ወዳጅ መሆን በደል ተብሎ የሚቆጠር ነገር ሆነ። ነጋድራስ ተሰማ ሹመታቸውን አጡ፤ ግዞትም ደረሰባቸው። በቀደመው ሥርዓት ሹመትና ንብረት ከጌታ ጋር የሚመጡ፣ ከጌታም ጋር የሚሄዱ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ዛሬ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ የሚባለው ዓይነት ዋስትና አልነበረም። ሠራተኛው የተሾመው ለሥራው ይሁን ለወዳጅነቱ የሚለይ መዝገብ አልነበረምና፣ መኪና ጠጋኝነቱም ቀረጥ አስከፋይነቱም አብሮ ወደቀ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ባለ ቅኔ አዲሱን ጌታ አወድሶ ወደ ማዕዱ ለመመለስ ይሞክራል። ግጥም ለዚህ የተመቸ መሣሪያ ነው፤ በየዘመኑም አገልግሏል። የነጋድራስ ተሰማ ስም ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ከልጅ ኢያሱ ወዳጅነት ጋር ተያይዞ ቀርቷል።

ከሹመቱ ማጣት አምስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በጅማ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ስሙን ይድነቃቸው አሉት። የአማርኛ የስም አወጣጥ ለሚገባው ሰው ስሙ ራሱ አንድ ስንኝ ነው፤ ማን እንዲደነቅ፣ በምን እንዲደነቅ የሚለው ወርቁ ለአባቱ ቀርቷል።

ልጁ አድገው በአዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫወቱ። በዚህ መካከል ወራሪው ገብቷል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የወረደው ጭፍጨፋ ለካህኑም ለተማሪውም አልራራም። በዚያው ሰሞን ከወጡት ትእዛዞች መካከል ከአገር አገር እየዞሩ የሚያዜሙና የሚተርኩ ሰዎች እንዲገደሉ የሚያዝዝ ነበረበት። ፋሽስት የአዝማሪን ጉልበት ከገዛ ወገኑ ይልቅ በትክክል መዝኖት ነበር ማለት ይቻላል። ጣቢያና ጋዜጣ የሌለው ሕዝብ ወሬውን የሚቀባበለው በማን አንደበት እንደሆነ ዐውቋልና። ለዘመናት ንቀት የተከፈለው ሙያ በዚያ ዓመት ሞት ተከፈለው።

ነጋድራስ ተሰማ ይህንን ዘመን ተሻግረው ነጻነትን አዩ፤ ብዙ ዕድሜም ኖሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ሲወስድ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አባትየው በዚያን ጊዜ ሰማንያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኗቸው በሕይወት ነበሩ። የምኒልክን አውቶሞቢል የነዱ ሰው፣ ልጃቸው ለአገሩ ያመጣውን የአፍሪካ ዋንጫ ለማየት በቁ። አቶ ይድነቃቸው ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ቆይተው በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ነጋድራስ ተሰማ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ የተሰበሰቡበት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቁሞ ነበር። የጨዋ ልጅ አያነሣውም ይባል የነበረው መሣሪያ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ቻርልስ ሰተን የተባለ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባል ማሲንቆ ተምሮ ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር ሲጫወት ታይቷል። በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ማሲንቆ ይዞ ወደ ፈረንጅ አገር ከመሄድ፣ ፈረንጅ ማሲንቆ ለመማር ወደ እኛ እስከ መምጣት ተደርሷል።

የነጋድራሱን ሥራ ከመጥፋት ያተረፉት በሁለት መንገድ ነው። ግጥሞቻቸውንና የሕይወት ታሪካቸውን ልጃቸው አቶ ይድነቃቸው አሰባስበውት፣ እሳቸውም ካለፉ በኋላ በ1985 ዓ.ም. «ሰምና ወርቅ» በሚል ስም ታትሟል። በእግር ኳስ ስብሰባ ከአህጉር አህጉር ሲዞሩ የኖሩት ሰው የአባታቸውን ስንኝ ለመልቀም ጊዜ ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። በሸክላ የቀረው ድምፅ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 በሲዲ ወጥቷል፤ ከተቀረጸ ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛው አለ፤ እርሱ ግን አይገኝም። በአንድ ምሽት በአንድ አዳራሽ፣ ለአንድ እንግዳ ቃል ወዲያው የተመለሰው፣ ማንም ሳይጽፈው የሳቀለት ግጥም ነው። የነጋድራስ ተሰማ ሥራ ትልቁ ክፍል ይህኛው ሳይሆን አልቀረም። መጽሐፉም ሸክላውም የያዙት ከእርሱ የተንጠባጠበውን ነው። እንዲህ ያለው ግጥም የሚኖረው አቀባይና ተቀባይ በአንድ ጣሪያ ሥር እስከተገኙ ድረስ ብቻ ነው።

በካዛንቺስ ያ ጣሪያ ለሠላሳ ዓመት ያህል ነበር። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በተከናወነው የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራ አሮጌው ካዛንቺስ ተነሥቶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ነዋሪዎቹና ነጋዴዎቹም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። የአዝማሪ ቤቶቹም ከቦታቸው ተነሥተዋል። ቤት በሌላ ቤት ይተካል፤ በርጩማም ይገዛል። ከሥራ መልስ ጎራ ይሉ የነበሩት ቃል አቀባዮች ግን ከየመሥሪያ ቤታቸው ተነሥተው በየትኛው መንገድ አዝማሪውን ፈልገው እንደሚደርሱ በአዲሱ ካርታ ላይ የተመለከተ ነገር የለም። ስለ ባህል ጉዳይ የሚመለከተው አካል ሊያስብበት የሚገባ ይመስላል።

የነጋድራሱን ድምፅ መስማት የሚሻ ሰው የሸክላውን ጩኸት መታገሥ ይኖርበታል። መጀመሪያ የሚሰማው እንደ ዝናብ የሚንጣጣ ድምፅ ነው፤ ጆሮ ሲለምደው ከኋላው ማሲንቆው፣ ከማሲንቆውም ላይ ፈጠን ያለው የሰውየው ድምፅ ብቅ ይላል። ሦስት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ሲሆን ገጹ ያልቃል፤ ተቀበል ያለ ሰው ሳይኖር ዜማው ይቆማል።